«የአባቴ መርቸዲስ ፍሬን ጠነከረብኝ፤ ምኑን ልግዛ?»

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። አባታችን ትቶልን ያለፈው የ1972 ሞዴል መርቸዲስ 230 አለን፤ ቤንዚን ነው። እኔ መምህርት ነኝ። በሰርግ ወቅት ወንድሜ ሙሽራ ይጭንባታል፣ በሌላው ጊዜ እኔ እነዳታለሁ። ከመስከረም ወዲህ የፍሬኑ ፔዳል እየጠነከረ መጥቶ አሁን በሁለት እግሬ ካልተጫንኩት አይዝም። ስረግጠው ከዳሽቦርዱ ሥር ‹ሽ…› የሚል ድምፅ አለ፤ ይዤው ስቆይ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋም ይቃጣዋል። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ሳምንቱ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ጋራዥ ወስደናት ሸራው በአራቱም ጎማ ተቀየረ፣ አየር ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ቱቦም በአዲስ ተተካ፤ ለውጥ የለም። አንዱ መካኒክ ማስተሩ ይቀየር ይላል። ሌላው ሞተሩ ደክሟል ይላል። ወንድሜ ደግሞ ‹ቮልስ ያለ ሰርቮ ስንት ዘመን ሄዳለች፤ አውጥተን እንጣለው› ባይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ተይዞባታል። ምኑን ልግዛ?»

እኅቴ፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ። መኪናዋም ከግቢ አትውጣ። የጻፍሻቸው ምልክቶች ባሉበት የሚቆዩ አይደሉም፤ ዛሬ በሁለት እግር የያዘው ፍሬን ከጎሃ ስትወርጂ በሁለት እግርም ላይዝ ይችላል።

ደብዳቤሽ ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ድምፁን ሰምተሻል፣ የሞተሩን መንቀጥቀጥ አስተውለሻል፣ የዘይቱን መጉደል ተከታትለሻል። ጋራዡ የሠራውን ስመለከት ከቱቦው በቀር ሁሉም ፔዳል ሲላላ የሚሠራ ሥራ ነው። ያንቺ ፔዳል ግን አልላላም፤ ጠነከረ እንጂ። ፔዳሉ ላልቶ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በዘይቱ መንገድ ላይ ነው፦ አየር ገብቷል፣ ዘይት ፈስሷል፣ ወይም በማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ዕቃ) ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም ማሸጊያ ላስቲክ፣ መያዝ ትቷል። ፔዳሉ ከፍ ብሎ እየደረቀ መኪናዋ አልቆም ካለች ግን ብዙውን ጊዜ የጠፋው እግርሽን የሚያግዘው ኃይል ነው፤ ያን ኃይል የሚሰጠው ሰርቮው ነው። የደረቀን ፔዳል አየር በማስወጣት ማለስለስ አይቻልም፤ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ሃያ ጊዜ ቢደገም የሚባክነው ዘይት ብቻ ነው።

ሰርቮው የቱ እንደሆነ ካላወቅሽ ኮፈኑን ክፈቺና ከሾፌሩ ወንበር ፊት ለፊት ተመልከቺ። ከማስተሩ ኋላ የታሰረው ጥቁር ክብ ቆርቆሮ እርሱ ነው። ውስጡን አንድ ሰፊ የጎማ ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዲያፍራም ይባላል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ቱቦ) በኩል አየር ስለሚስብ፣ በወፍራሙ ቱቦ አማካይነት የሰርቮውንም አየር ይመጥጠዋል፤ ይህ የአየር ባዶነት ቫኩም ይባላል። ፔዳሉ ካልተረገጠ ከዲያፍራሙ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች እኩል ተመጥጠዋል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። ስትረግጪ በፔዳሉ በኩል ያለው ክፍል ለውጭ አየር ይከፈታል። የገባው አየር ዲያፍራሙን ወደ ማስተሩ ይገፋዋል፣ ዲያፍራሙም ዘንጉን ይገፋል። እገዛው ይኸው ነው። በሰርቮ ውስጥ ከአየር ክብደት በቀር ሌላ ጉልበት የለም።

የአየር ክብደት ካልን ደግሞ የጎንደር ነገር ሊነሣ ግድ ነው። ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚጫነው አየር እናንተ ዘንድ ወደ 590 ይወርዳል፤ ሩብ ያህሉ የለም። አንድ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እያለ የቫኩም መለኪያ ቢሰካበት በባሕር ወለል ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ጎንደር ላይ ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ ደህና ነው። ስለዚህ «ሞተሩ ደክሟል» ያሉሽን መካኒክ ስንት እንዳነበቡ ጠይቂልኝ። 12 አይተው፣ በጥገና መጽሐፍ ካለው የባሕር ወለል ልክ ጋር አስተያይተው ከሆነ የፈረዱት፣ ፍርዱ ለሞተሩ አይገባውም። መለኪያ ሳይሰኩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ፍርድ አልሰጡም።

ይህ ልዩነት በእግር የሚታወቅ ነው። ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ዲያፍራም ብንወስድ፣ 20 ኢንች ቫኩም ሲኖር ከ210 ኪሎ በላይ የሚገፋው፣ 12 ኢንች ሲሆን ወደ 130 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። አንድም ነገር ሳይበላሽ ማለቴ ነው። መተማ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሾፌር «እዚያ ፍሬኑ ይለሰልስ ነበር» ቢልሽ እውነቱን ነው። ጎንደር ላይ ሰርቮ የሚሠራው ትርፍ ሳይኖረው ነው፤ ቆላ ላይ ያለች መኪና ችላ የምትለው ትንሽ ቀዳዳ እናንተ ዘንድ ፔዳሉን ያደርቀዋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ገንዘብ የሚጠይቅ የለበትም። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሚ፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፊ፣ ማርሹን ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርጊና የማቆሚያ ፍሬኑን ያዢ።

ሞተሩን ሳታስነሺ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ እየረገጥሽ ልቀቂ። በሰርቮው ውስጥ የተረፈ ቫኩም ካለ በዚህ ያልቃል። ከዚያ በመጠነኛ ኃይል ረግጠሽ ያዢና ሞተሩን አስነሺ። ሰርቮው የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ እንደ ተነሣ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ለማንም ሳትነግሪ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ዝቅ ካላለ ወይ ቫኩሙ ሰርቮው ጋ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ሰርቮው አልያዘውም።

ቀጥለሽ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠሽ እንደያዝሽ ሞተሩን አጥፊና ግማሽ ደቂቃ ያህል እግርሽን ሳታነሺ ጠብቂ። ፔዳሉ ባለበት ከቆየ ሰርቮው አያፈስም። እግርሽን ወደ ላይ እየገፋ ከተመለሰ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማስተሩ በውስጡ ዘይት እያሳለፈ ነው።

ሦስተኛውን ለማታ አቆዪው። ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርተሽ አጥፊ፤ ጠዋት ከማስነሣትሽ በፊት ፔዳሉን ርገጪ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ለስላሳ ሆነው ከዚያ መጠንከር አለባቸው። ከመጀመሪያው ርግጫ ጀምሮ ደረቅ ከሆነ ሌሊቱን ቫኩሙ አምልጧል። የሚያመልጥበት አንዱ ቦታ ቱቦው ሰርቮው ላይ የሚሰካበት አካባቢ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ናት። ሥራዋ አየሩን ወደ ሞተሩ ብቻ ማሳለፍ ነው። ንቀይና በአፍሽ ሞክሪያት፤ ከሰርቮው ጫፍ ሲነፋ ያልፋል፣ ከሞተሩ ጫፍ ሲነፋ አንዲት ትንፋሽ እንኳ ማለፍ የለባትም። በሁለቱም በኩል ካለፈ ሌላ ሳትመረምሪ እርሷን ቀይሪ። ርካሽ ናት፤ እኔ የማየው ግን ሰዎች መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሷት።

ስለ ቱቦው ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «በአዲስ ተተካ» ያልሽው ነገር አላማረኝም። ከማኒፎልድ ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ግድግዳው ወፍራም፣ ለቫኩም የተሠራ መሆን አለበት። የቤንዚን ወይም የውኃ ቱቦ የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋን ነገር ለመቻል ነው፤ የሰርቮው ቱቦ የሚፈተነው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ስስ ስትሮ በኃይል ሲመጠጥ እንደሚጣበቅ፣ ተራ ቱቦም ሞተሩ ሲሞቅና ላስቲኩ ሲለሰልስ ጎኖቹ ይገናኛሉ። ክፋቱ ሞተሩ ጠፍቶ ስታዪው ምንም ያልሆነ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ወንድምሽ ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ፤ አንቺ ከጎን ሆነሽ ቱቦውን፣ በተለይ የሚታጠፍበትን ቦታ ተመልከቺ። በጣትሽ ስትጫኚው በቀላሉ የሚሰረጉድ ከሆነ አውጥተሽ መልሽላቸው። በሁለቱም ጫፍ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) ጠብቆ መታሰሩንም እዪ።

አሁን ከደብዳቤሽ ወደማነበው ልምጣ። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ፔዳሉን ይዘሽ ስትቆዪ ነው ብለሻል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ወይም ከሁለቱ ካርቡራቶሮች የአንዱ መቀመጫ አየር ቢያስገባ ሞተሩ ሁልጊዜ በተረበሸ ነበር፤ የእግርሽን ማረፍ አይጠብቅም። እግርሽ ሲያርፍ ብቻ የሚረበሽ ከሆነ፣ ለውጭ አየር የተከፈተው የሰርቮው ክፍል በተቀደደ ዲያፍራም አልፎ ከሞተሩ ጋር ተገናኝቷል። ሞተሩ በካርቡራቶሩ ያልተለካ አየር ይስባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳበታል፣ ይንቀጠቀጣል። ስትረግጪ አፍታ የምትቆይ «ሽ» የምትል ድምፅ በጤነኛ ሰርቮም ትሰማለች። እግርሽን እስክታነሺ ሳታቋርጥ የምትቀጥለው ግን የቀዳዳ ድምፅ ናት። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ወንድምሽ ረግጦ ይያዝና አንቺ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለሽ በፒንሳ ቆንጥጪው። ሞተሩ ወዲያው ከተረጋጋ አየሩ የሚገባው ከፒንሳው ወዲያ፣ በሰርቮው በኩል ነው።

ዘይቱስ የት ሄደ? ሸራ እየሳሳ ሲሄድ በማጠራቀሚያ ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት በልኩ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ያንቺ ሸራ ግን አዲስ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘይት አያስጎድልም። ጎማው ላይ የረጠበ ነገር አልጻፍሽም፣ መሬት ላይም ጠብታ የለም። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው መንገድ አንድ ነው። ማስተሩ ከኋላው፣ ሰርቮው ጋ በሚጋጠምበት በኩል፣ ዘንጉን የሚያቅፍ ጎሚኒ አለው። እርሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ በቀጥታ ሰርቮው ሆድ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለው ቫኩም ደግሞ ይስበዋል። ሲበዛ በቱቦው በኩል ሞተሩ ይጠጣውና ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ይህን አይታችሁ እንደሆነ ወንድምሽን ጠይቂው። የፍሬን ዘይት የሚስማማው ከአንዳንድ የላስቲክ ዓይነት ጋር ብቻ ነው፤ የመኪና ቀለም ላይ ቢፈስ ቀለሙን እንደሚልጥ አይተሽ ይሆናል። ዲያፍራሙም በዚህ ዘይት ተነክሮ ከሰነበተ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ከመስከረም ጀምሮ ቀስ በቀስ ጠነከረ ያልሽው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ለማየት ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተሽ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ በመርገጥ ቫኩሙን ጨርሺ። ከዚያ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር ያሰሩትን ሁለት ብሎኖች መካኒኩ ይፍታና የብረት ቱቦዎቹን ሳይነቅል፣ ሳያጥፍም፣ ማስተሩን ጥቂት ወደ ፊት ይሳበው። ጀርባው ረጥቦ፣ ከሥሩ ያለው የሰርቮው ቀለም ተልጦ ካየሽ አለቀ። ባይታይም ነጭ ወረቀት ጠምዝዘሽ ቫልቯ ከተነቀለችበት ቀዳዳ ወደ ሰርቮው ውስጥ እስከ ታች አውርጂውና አውጪው። ወረቀቱ ረጥቦ ከወጣ አሽትችው፤ የፍሬን ዘይት መሆኑን ለማወቅ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ «ማስተሩ ይቀየር» ያሉት መካኒክ ግማሹን አውቀውታል። ማስተሩ ብቻ ቢቀየር ዘይት መጉደሉ ይቆማል፣ ፔዳሉ ግን እንደ ደረቀ ይቀራል። ሰርቮው ብቻ ቢቀየር ፔዳሉ ለጥቂት ወራት ይለሰልስና አዲሱም ሰርቮ በዚያው ዘይት ተበልቶ ዳግመኛ ትጽፊልኛለሽ። ወረቀቱ ከረጠበ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ይሠሩ። ለማስተሩ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጎሚኒዎቹን መቀየር ይበቃል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዘንጉ የሚመላለስበት ግድግዳ ለስላሳ ከሆነ ነው። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለበት ሙሉውን ይቀየር፤ በአሸዋ ወረቀት ፈትገን እናድነው የሚል ካለ አትስሚው።

ሰርቮውን ግን በመዶሻና በካቻቢቴ አስከፍተሽ አታሠሪ። ሁለቱ የቆርቆሮ ግማሾች እርስ በርስ ተጣጥፈው የተቆለፉ ናቸው፣ ውስጡም ጠንካራ ስፕሪንግ ታምቆ ተቀምጧል። መያዣ በሌለበት ሲከፈት ስፕሪንጉ ሰው ይጎዳል፤ ቢሳካም ዳግመኛ አየር ሳያሳልፍ መዝጋት ይቸግራል። ይህን የሚሠራ የታወቀ ባለሙያ ካላገኘሽ የተሟላ ሰርቮ ፈልጊ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዘመድ ልከሽ ያገለገለ የምታስፈልጊ ከሆነ፣ የአሮጌውን ፎቶ ብቻ አትላኪለት። የክቡን ስፋት፣ የብሎኖቹን ርቀት፣ ወደ ማስተሩ የሚገባውን ዘንግ ርዝመት ለክተሽ ላኪ፤ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሰርቮዎች በውስጥ ይለያያሉ። ከመክፈሉም በፊት ከነቫልቯ ቱቦ ሰክቶ በየትኛውም በሚሠራ የቤንዚን ሞተር ማኒፎልድ ላይ አንድ ደቂቃ ያስመጥጠው፤ ከዚያ ቱቦውን ነቅሎ አሥር ደቂቃ ያቆየው። ቫልቯን ሲነቅላት አየር «ፉሽ» ብሎ በኃይል ከገባ ሰርቮው ይዟል። ጸጥ ካለ ለባለቤቱ ይመልስለት። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ነጋዴ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ሲገጠም አንድ ነገር በዓይንሽ እዪ። ከሰርቮው የሚወጣው ዘንግ ከማስተሩ ጋር ሲገናኝ ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ መጠኑ በመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ አለ። ክፍተት ከሌለና ዘንጉ ማስተሩን ሁልጊዜ ከነካ፣ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፣ ፍሬኑም አይለቅም። ከግቢ ወጥተሽ ፒያሳ እስክትደርሺ ጎማዎቹ ይግላሉ፣ መኪናዋም ወደ ኋላ የተያዘች ያህል ትከብዳለች። ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ነድተሽ ስታቆሚ በአራቱም ጎማ አጠገብ እጅሽን አስጠጊ። አንዱ ብቻ የሚግል ከሆነ ደግሞ ዘንጉ አይደለም፤ የዚያ ጎማ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) ተጣብቋል ወይም ዘይት የሚወስደው የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተደፍኗል። በዚህ ዕድሜ ላይ ባለች መኪና ሁለቱም የተለመዱ ናቸው።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ ዶት 4 የሚል የተጻፈበት፣ ያልተከፈተ ዕቃ ግዢ። ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ተከፍቶ የከረመ አይሆንም፤ በመኪናዋ ውስጥ ያለውም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት አንድ ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል፣ ያኔ ማስተሩም ካሊፐሮቹም ናቸው የሚፈቱት።

አሁን ወንድምሽን ጥሪልኝና አብራችሁ አንብቡት። ቮልስ ያለ ሰርቮ መሄዷ እውነት ነው። ግን ተራዋ ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ በታምቡር ፍሬን የምትቆም መኪና ናት። በታምቡር ውስጥ ሸራው ሲነካ የታምቡሩ መሽከርከር ራሱ ሸራውን ይበልጥ እየሳበ ያጣብቀዋል፤ ፍሬኑ በከፊል ራሱን ያግዛል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተሠራው የእናንተ መርቸዲስ ዓይነት ደግሞ ከ1,300 ኪሎ በላይ ነው፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው። ዲስክ ሙቀት በመቻልና በእኩል በመያዝ ይበልጣል፤ ራሱን የማገዝ ጠባይ ግን የለውም። የሚይዘው በተጫኑት ልክ ብቻ ነው። ፋብሪካው ሰርቮ የጨመረበት ለቅንጦት አይደለም። የፔዳሉ ርዝመት፣ የማስተሩ ውፍረት፣ የካሊፐሩ ስፋት ሁሉ ሰርቮ አለ ተብሎ የተሰላ ነው። አውጥቶ መጣል ማለት አሁን እኅትህን በሁለት እግር የሚያስረግጣትን በሽታ ለዘለቄታው ማጽደቅ ነው፤ አምስት ሰው ጭነህ፣ ከፊት የቪዲዮ መኪና፣ ከኋላ አጃቢ እያለ።

ሌላም ጠርጥሬያለሁ፤ ካጠፋሁ ይቅርታ። በእናንተ አገር ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ የተለመደ ነው። ወደ አዘዞ ሲወረድ አይቻለሁ፣ ከደባርቅ በታች ሊማሊሞ ላይ ሳይቀር የሚያደርገው አለ። ሊማሊሞ እኮ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠመዘዘ የቀደደው መንገድ ነው፤ አንዱን መታጠፊያ ስትጨርስ ሌላው ይጠብቅሃል፣ ፍሬን የማይረገጥበት ቦታ የለም። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው የሚያግዝህ በተጠራቀመው ቫኩም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ብቻህን ነህ። ቁልፉን ከነቀልክ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። በማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ብታነሣ ግን ሁለት ነገር ታገኛለህ። ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል፤ ካርቡራቶሩ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ስለሚዞር ቫኩሙም በሚኒሞ ከሚገኘው ይበልጣል። ከፍታው የወሰደብህን እገዛ በከፊል የምታስመልሰው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ከጎሃ እስከ ፒያሳ የሚበላው ቤንዚን ለክርክር አይበቃም።

አንድ ቀን ፍሬኑ በድንገት ከደረቀ አትደንግጡ። ሰርቮ ቢሞትም ፔዳሉ ከማስተሩ ጋር በብረት የተያያዘ ነው፤ በሙሉ ክብደት ከተጫኑት ይይዛል፣ ርቀት ግን ይፈጃል። ማርሽ ቀንሱ፣ እግር ሳታነሡ ተጫኑ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ያዙ። እግርን እያነሡ ደጋግሞ መርገጥ የላላ ፔዳል መድኃኒት ነው፤ እዚህ ላይ የተረፈችውን ቫኩም ብቻ ያስጨርሳል።

ለሰርገኞቹ ግን ዛሬውኑ ደውሉ። ጥር ሲደርስ ጎንደር ላይ የሰርግ መኪና ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኑራቸው፤ የእናንተ ከደረሰ ደረሰ። ጥገናው ካለቀ በኋላም የመጀመሪያ ጉዞዋ ሙሽራ ይዛ አይሁን። በመጀመሪያ በሜዳ መንገድ፣ ቀጥሎ አዘዞ ድረስ ወርዳ ትመለስ፤ ከዚያ ሰው ሞልታችሁ ጎሃ ላይ ወጥታ ትውረድ፤ በየመካከሉ የዘይቱ ልክ ይታይ።

ከምንም በፊት የወረቀቱን ውጤት ጻፊልኝ። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ማስተሩን አትንኪው፤ ዘይቱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለ ማለት ስለሆነ አራቱን ካሊፐሮች ከውስጥ በኩል አስፈትሸሽ ያገኘሽውን አክይበት። ሶማሌ ተራ ያለው ዘመድሽም እስከዚያ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆየው።